የሀቢሶ የስፌት መኪና

ሀቢሶ ጆበርግ፣ ጀፕስታውን ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ የብርድ ልብስ ጅምላ ማከፋፈያ ደረጃ ሥር ልብስ ይሰፋል። አገር ቤትም ልብስ ሰፊ ነበር። ጦርነቱ አልፎ ከተማችን በኮማንድ ፖስት ስትተዳደር፣ ሻለቃ ምሕረቱ የስፌት መኪናውን «ለጊዜው ነው» ብሎ በሁለት ወታደር አስወሰደበት። ጊዜው ሁለት ዓመት ሆነ። ሀቢሶ ሊጠይቅ በሄደ ቁጥር የበሩ ዘብ ሳያናግረው ይመልሰው ነበር።

ከዚያ ሲቪል አስተዳደር መጣ ተባለ። መጣ ማለትስ ይከብዳል፤ እዚያው ነበር። ሻለቃው ሀቢሶን አስጠርቶ፣ በዚያችው በተወሰደችበት መኪና ለራሱና ለአምስት መኮንኖቹ ኮት አሰፋው። በሳምንቱ ኳስ ሜዳው ላይ ድንኳን ተጥሎ፣ ሕዝቡ በየቀበሌው ስሙ እየተጠራ ወጥቶ፣ ስድስቱ በአዲስ ኮት ተደርድረው ሥልጣን ተረካከቡ። ያስረከቡት እነሱ፣ የተረከቡትም እነሱ። እኔም ካጨበጨቡት አንዱ ነበርኩ።

በማግስቱ ሀቢሶ መኪናዬን ብሎ ሄደ። በዘቡ ፋንታ ጸሐፊ ተቀምጣለች። ማመልከቻ ጻፍ አለችው፤ ጻፈ። አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲመራው አምስት ወር አለፈ። በመጨረሻ፣ ንብረቱን የወሰደው ወታደራዊው አስተዳደር ስለሆነ ጉዳዩ ሲቪሉን አይመለከትም የሚል ደብዳቤ ደረሰው። የፈረመበት ምሕረቱ ነው። ሀቢሶ በዚያው ሳምንት በሞያሌ በኩል ወጣ።

ባለፈው ሐምሌ ምሕረቱ «ክቡር አስተዳዳሪ» ተብሎ፣ ለልማት ድጋፍ ሊያሰባስብ ጆበርግ መጣ። ሮዘተንቪል ባለ አንድ አዳራሽ ስለ ሕዝብ አገልጋይነት አርባ ደቂቃ ደሰኮረልን። ወፍሯል። ጥያቄ ሲፈቀድ ሀቢሶ ተነስቶ የመኪናውን ነገር ከመጀመሪያው ጀምሮ በዝግታ አስረዳ።

«ወንድሜ» አለ ምሕረቱ ፈገግ ብሎ፣ «ያ በወታደሩ ጊዜ የሆነ ነው። የዚያን ጊዜ ሰዎች ነው መጠየቅ ያለብህ።»

«አንተን እኮ ነው የጠየቅኩህ» አለ ሀቢሶ።

እስከዚያ ድረስ ሰውዬውን አንተ ያለው አልነበረም። ሀቢሶ መልስ ሳይጠብቅ ጃኬቱን አንስቶ ወጣ። ከኋላ የተቀመጡት ባለሱቆችም ሥራ አለብን እያሉ አንድ በአንድ ተከተሉት።

በሳምንቱ የአቀባበል ኮሚቴው፣ እንግዳችንን አዋርደሃልና ይቅርታ ጠይቅ ብሎ አባሉን አብዱልወሀብንና ሁለት ሽማግሌዎችን ላከበት። ሀቢሶ ለስላሳ አስመጥቶ በክብር አስተናገዳቸው፤ ይቅርታውን ግን እምቢ አለ። ሊወጡ ሲሉ አብዱልወሀብ ከፌስታል ሱሪ አውጥቶ፣ ትንሽ እንዲያሳጥርለት ሰጠው።