ሲስተር ነጎድጓድ ማንሾካሾክ ስትማር

የጤና ጣቢያው የጄሶ ክፍል ነርስ እናቷ ያወጣችላት ስም ይኖራት ይሆናል፤ የሚያስታውሰው ግን የለም። ሁሉም «ሲስተር ነጎድጓድ» ነው የሚላት። «ቀጣይ!» ብላ ስትጠራ ወረፋ ላይ ያለው በሽተኛ ብቻ ሳይሆን ማዶ ፀጉር ቤት የተቀመጠውም ፂሙ ግማሽ ተላጭቶ ብድግ ይላል። ዘበኛው ደግሞ አንዴ ስታስነጥስ የበረሩት የግቢው እርግቦች ሳምንት ሙሉ አልተመለሱም ብሎ ይምላል።

ጆሯቸው የደከመ አዛውንቶች ከእሷ ሌላ ነርስ አናይም ይላሉ። አንድ ነገር ላይ ግን ድምጿ ጉድ ሠራት። ዓይኗ ያበጠ ሴት መጥታ «ቁም ሳጥን ነው የመታኝ» አለቻት። ሲስተር ተጠግታ፣ በእሷ ቤት አንሾካሽካ፣ «ባልሽ ነው አይደል?» አለች። ኮሪደሩ በሙሉ ሰማ። ኮሪደሩ ላይ የተቀመጠው ባልም ሰማ፤ በሩን ከፍቶ ገባና «ተነሺ!» ብሏት ወጣ። ሴትየዋ «ኧረ ቁም ሳጥኑ ነው!» እያለች ተከትላው ወጣች። ቁስሏን ለማሳጠብ እንኳ አልተመለሰችም።

ያ ነገር ሲስተርን እንቅልፍ ነሳት። ስለዚህ ቤቷ ልምምድ ጀመረች። ባሏ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ከዚያ ድምፅ ጋር ስለኖረ የከተማው ጥሩምባ ሁሉ እሽሩሩ ይመስለዋል። ራት ላይ በሹክሹክታ «ጨው አቀብለኝ» ስትለው ማንኪያው ከእጁ ወደቀ።

«ምነው? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም፤ እየተለማመድኩ ነው።»

«በሞቴ እንደ ድሮሽ ጩኺ፤ አስደነገጥሽኝ!»

ምክንያቱን ስትነግረው ግን አስተማሪዋ ሆነ። ሳሎን ጥግ ይቆምና «ሰማሁሽ» ይላታል። ዝቅ ታደርጋለች። «አሁንም ሰማሁሽ፤ ጎረቤትም ሰምቷል።» አንድ እሁድ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ እያየ ምንም አልሰማም። ዋንጫ እንደበላ ቡድን እየዘለለ አጨበጨበላት።

ከዚያ በኋላ ነው የእጇ አንጓ የተሰበረባት ወጣት ሴት ከባሏ ጋር የመጣችው።

«ደረጃ ላይ ወድቃ ነው» አለ ባልየው፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ሲስተር አወቀቻት። ባለፈው ጎድኗን አሟት ስትመጣም የጣላት ይኸው ደረጃ ነበር። እስካሁን ያልታሰረ ደረጃ!

«የቱ ጋ ነው የሚያምሽ የኔ እህት?»

«አንጓዋን ነው» አለ ባል።

«ትኩሳትስ አለሽ?»

«የላትም።»

«መልሱ ሁሉ ካንተ ከሆነ በሽተኛው አንተ ነህ ማለት ነው» ብላ ቴርሞሜትሩን ምላሱ ሥር ሻጥ አደረገችለት። «ትንፍሽ ብትል እንደገና ነው የምንጀምረው!» ክንዱን ይዛ ዶክተሩ ጋ ወሰደችው።

ዶክተሩ ለጋ ነው፤ ልቡ ጥሩ ነው፣ ግን ይፈራል። ጎድኗን ያከመ ቀን «ሲስተር፣ የባልና ሚስት ጉዳይ ውስጥ ምን አስገባን? እኛ አጥንት ነው የምንጠግነው» ብሏት ነበር። «ያንኑ ሰው ስንቴ እንጠግን ታዲያ?» ብላው ተለያይተዋል። አሁን ከባልየው በስተጀርባ ቆማ፣ «ዶክተር፣ ግፊቱን ለካልኝ፤ ጄሶው እስኪደርቅ» አለችው።

ዶክተሩ አያት፤ ሰውየውን አየ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጋደም ይበሉ ወንድሜ። ማውራት ግፊት ስለሚጨምር ዝም ብለው ይተኙ።»

ሲስተር ወደ ጄሶ ክፍሏ ተመልሳ በሩን ዘግታ ጄሶውን እየጠቀለለች ጎንበስ አለች።

«እሱ ነው?»

ሴትየዋ ማን እንደተናገረ ፍለጋ ዞር ዞር አለች። ከዚያ አካል ይህን የምታህል ድምፅ ይወጣል ብሎ ማን ይገምታል? ሲገባት ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ውጭ አይሰማም?»

«ባሌ ከሳሎን ጥግ አልሰማኝም፤ እዚህ ደግሞ ግድግዳ አለ።»

ሴትየዋ እያለቀሰች ሳቀች። ከዚያ ሁሉንም ተናገረች። ሲስተር፣ ሰማይን የምትንጠው ሴት፣ ቃል ሳትጨምር ሰማቻት።

«ምንም ጥፋት የለብሽም። ዛሬ ወስኚ አልልሽም፤ መሄጃ ግን አለሽ?»

«እህቴ አለች። ምን ብዬ እነግራታለሁ ብዬ አፍሬ ነው እንጂ።»

«እጅሽን ታያለች፤ በቃ።»

ሴትየዋ ትንሽ አሰበችና ስልክ ለመነቻት። እህቷ በታክሲ እየበረረች መጣች፤ በልብስ ማጠቢያው በኩል ባለው የጓሮ በር ተያይዘው ወጡ። ዶክተሩ ቀኝ ክንድ ለክቶ፣ ግራውን ለክቶ፣ «እስቲ ቀኙን ልድገመው» እያለ ነበር።

ባልየው ሲወጣ «ሚስቴስ?» አለ።

ሲስተር ለዚህ ሹክሹክታ አላስፈለጋትም። «ሄዳለች! የት እንደሄደች ከኔ አትሰማም!»

ኮሪደሩ ሁሉ ዞሮ አየው። ያ ሁሉ ዓይን ሲያርፍበት ሰውየው ወደ ኋላ አፈገፈገ፤ ዘበኛው እስከ በር ሸኘው።

ጄሶው የሚወልቅበት ቀን ደረሰ። ሴትየዋ ከእህቷ ጋር፣ ከእህቷ ቤት መጣች። ገና ከግቢው በር «ሲስተርዬ! መጣሁልሽ!» ብላ ስትጣራ እርግቦቹ በሙሉ ብድግ አሉ።

ሲስተር ነጎድጓድ በመስኮት ብቅ አለች፤ ፈገግታዋ ጆሮዋ ደርሷል። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ አንሾካሾከች፦

«ቀስ በይ እንጂ፣ በሽተኛ አለ!»