ሰባቱን ከዋክብት ቆጠራ ወደ እንጦጦ

በኅዳር ወር አንድ ቅዳሜ፣ ከታላቅ እህቴ ከእትዬ አስቴር ጋር ከጳውሎስ ሰፈር ቤታችን የወጣነው ኮከብ ልንቆጥር ነው። እትዬ ጥልፍ ሠሪ ናት። የዓይን ሞራዋ ተገፍፎ መነጽር ከተሰጣት ወሯ ነው። «ካላየሁ ሰኞ የስፌት መኪናዬን እሸጠዋለሁ» ብላ ገዥ ቀጥራለች።

ማየቷን እንዴት ልወቅ? «አያለሁ» ብትለኝም አላምናትም። ክርና መርፌውን በዳሰሳ ታገናኘዋለች። ዓመት ሙሉ ሳታይ የጎረቤቱን ቀሚስ ሁሉ «ሲያምር!» እያለች ሸውዳናለች። ስለዚህ የማይዳሰስ ነገር መረጥኩላት፤ አባታችን በልጅነታችን ያሳየንን፣ ሰማይ ላይ ተጠጋግተው የሚወጡትን ሰባቱን ከዋክብት።

ዳገቱ

እስከ ቀጨኔ በሰይቼንቶ ታክሲ ተጣበን ሄድን። ከዚያ የስሙኒ ቆሎ ገዝተን በእግር የእንጦጦን ዳገት ተያያዝነው። እኔ አለከልካለሁ፣ እትዬ ዓለሟን ታያለች።

«ይኼ ሁሉ ቤት መቼ ተሠራ?»

«ድሮም ነበረ፣ እትዬ።»

ባሕር ዛፉ ሥር

ሲጨልም አንድ የአብዮት ጥበቃ ጠመንጃውን አንግቶ መጣ።

«እዚህ ምን ትሠራላችሁ?»

«ኮከብ ልንቆጥር ነው፣ ጓድ» አልኩት።

ዓይኑ ፈጠጠ። እትዬ መነጽሯን አሳይታ ነገሩን አስረዳችው።

«በሉ ቶሎ ቁጠሩ፣ ሰዓት እላፊ ሳይደርስ» አለ።

ጣቴን ወደ ምሥራቅ ቀሰርኩ። እትዬ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ቆጠረች።

«ስድስት።»

ወሽመጤ ቁርጥ አለ። «ሰባት ናቸው እኮ፤ ደግመሽ እያቸው።»

«አየኋቸው። ስድስት!»

ጥበቃው አላስችል ብሎት አንጋጠጠ። «እ... በቃ፣ ለእኔም ስድስት ናቸው።»

ለካስ እኔ ስማቸውን አምኜ ኖሬ፣ አንድም ቀን ቆጥሬያቸው አላውቅም! ቆጠርኩ፤ ስድስት። ደገምኩ፤ ያው ስድስት። ሦስታችንም በሳቅ ፈረስን። የተረፈውን ቆሎ ለጥበቃው ሰጥተነው ወረድን። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል የሚባለውን ስደጋግም የኖርኩ ሰውዬ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራሁበት እዚያ ነው።

ቤት

እንደገባን እትዬ ነጠላዋን እንኳ ሳታወርድ የስፌት መኪናዋን ልብስ ገለጠች።

«ለሰኞው ሰውዬ አይሸጥም በለው።» ቀጥላም በጎን አየችኝ። «ዛሬስ አመንከኝ?»

የመኪናውን ልብስ ተቀብዬ አጠፍኩላት። «አመንኩሽ፣ እትዬ። ባታዪ ኖሮ ሰባት ትዪኝ ነበር።»