ሳልጨርሰው የቀረ ትርጉም

በዚያ ቀን በግቢው የነበርነውን ሰዎች አስቀድሜ ልዘርዝር። አንዱን እንኳ ብረሳ የምናገረው ሁሉ የሚበላሽ ይመስለኛል። እኔ ነበርኩ፤ ዐሥራ አምስት ዓመቴ ነው። አንዲት ሶማሌ ልጅ ነበረች፤ ከእኔ ብታንስ በአንድ ዓመት ነው። በሐረር ገበያ፣ በጊደር መጋላ፣ ቅመም የሚሸጡ አንዲት ሐረሪ እናት ነበሩ። ሦስታችን በአንድ ክፍል ነበርን። በራችን ላይ አንድ ፖሊስ፣ ከግቢው ማዶ በቢሮው ውስጥ መርማሪው የመቶ አለቃ፣ ከቢሮው ጀርባ በወንዶቹ ክፍል ደግሞ አንድ ሽበታም ሰውዬ። ሌላ ሰው አልነበረም። እግዚአብሔርም ነበረ፤ እሱን ግን ምስክር አድርጌ ለመጥራት አፍራለሁ።

ጊዜው ጃንሆይ ሳሉ፣ ከሶማሌ ጋር በድንበር ጦርነት የተነሳበት ዓመት ነው። አባቴ ወታደር ስለነበር የምንኖረው ጅጅጋ ነበር። ወሬው ሲከፋ እናቴ በጭነት መኪና ላይ አሳፍራ ሐረር፣ ሸዋ በር አጠገብ ወደምትኖረው አክስቴ ላከችኝ። መኪናው የሐረር መግቢያ ኤረር በር ሲደርስ አስቆሙን። ሲፈትሹ ከሽበታሙ ሰውዬ የጨው ጆንያ ውስጥ የታጠፉ ወረቀቶች ወጡ። ምን እንደተጻፈባቸው እስከ ዛሬ አላውቅም። ሾፌሩን ወደ ሌላ ቦታ፣ ከኋላ የተሳፈርነውን አራታችንን ወደዚያ ግቢ ወሰዱን።

ክፍሉ ቀድሞ የእህል ማስቀመጫ ነበር። በወለሉ ስንጥቅ ውስጥ የማሽላ ፍሬ ይታያል። የእናትየዋ ልብስ በርበሬ በርበሬ ስለሚሸት ፖሊሱ በሩን በከፈተ ቁጥር ያስነጥሰዋል።

“እማማ፣ የታሰሩት እርስዎ ነዎት ወይስ የበርበሬ ጆንያ?” አላቸው።

“ጆንያውንማ እናንተ ወሰዳችሁት” አሉት። “ለኔ የቀረኝ ሽታው ነው።”

እኛ ስንስቅ ሶማሌዋም ሳቀች። አማርኛ አታውቅም። ስትስቅ አፏን በመዳፏ ትሸፍን ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ውሃ ጠማን። በሩን አንኳኳሁና “ጋሼ፣ እባክዎ ውሃ” አልኩ።

“ጋሼሽ ብሆን ኖሮ እዚህ ትገቢ ነበር?” አለኝ ፖሊሱ። ቢሆንም በጣሳ አመጣልን።

ስለ ልጅቷ ያየሁትንና በሶማሊኛ የነገረችኝን ልናገር። መኪናው ላይ የወጣችው ከጅጅጋ ከወጣን በኋላ፣ መንገድ ላይ ብቻዋን ቆማ አግኝተናት ነው። እግሯን በቀሚስ ቅዳጅ ጠቅልላዋለች። ተኩስ ሲጀመር ከእናቷ ጋር ሲሮጡ ተለያዩ። የምትሄደው ድሬዳዋ ወዳለችው የእናቷ እህት ነበር። ሽበታሙ ሰውዬ ጠጋ ብሎ ቦታ ሰጣት፣ ከራሱ ኮዳ ውሃ አጠጣት፣ ከዚያ ስሟን ጠየቃት። ስሟን ሲጠይቃት ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ ነበር። የሥጋ ዘመዱን ስም የሚጠይቅ ሰው የለም።

ከቀትር በፊት እኔና እሷን ወደ ቢሮው ወሰዱን።

“የወታደር ልጅ ነኝ ያልሽው አንቺ ነሽ?” አለኝ የመቶ አለቃው።

“አዎ ጌታዬ።”

“ሶማሊኛ ማን አስተማረሽ?”

“የጎረቤት ልጆች።”

“ጥሩ ጎረቤት ኖሯችኋል።” ብዕሩን በጠረጴዛው ላይ አንከባለለ። “በደንብ ከተረጎምሽ ዛሬ አክስትሽ ቤት ታድሪያለሽ። ካልሆነ ስለ ጎረቤቶችሽ እንጨዋወታለን።”

ሰውዬው ምኗ እንደሆነ ጠይቂያት አለኝ። ጠየቅኋት። አላውቀውም አለች። አዴር ከጎኑ አስቀመጠኝ፣ አዴር ውሃ ሰጠኝ፣ አዴር ወዴት እንደሚሄድ አላውቅም አለች። ያለችውን አንድ በአንድ ነገርኩት፤ አዴርን ግን “ሰውዬው” እያልኩ አለፍኩት።

“ቆይ” አለ። “አዴር፣ አዴር ትላለች። አዴር ምንድን ነው?”

“አጎት” አልኩ። “የአባት ወንድም።”

“የአባቷን ወንድም ነው አላውቀውም የምትለው?” ብሎ ሳቀና መጻፍ ጀመረ።

ውሸት አልተናገርኩም። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። አዴር የአባት ወንድም ነው። ነገር ግን ሶማሌ ሁሉ የማያውቀውንም ታላቅ ሰው አዴር ይላል፤ እኛ ጋሼ እንደምንለው። በዚያው ጠዋት ያሰረኝን ፖሊስ ጋሼ ብዬዋለሁ። ቃሉ አፌ ላይ ነበር። “እንደ ጋሼ ነው ጌታዬ” ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ። ለሷ የምከራከር መስሎት ስለ ጎረቤቶቼ እንዳይጠይቀኝ ፈራሁ። ብዕሩ እስኪቆም ጠበቅሁ፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ የረፈደ መሰለኝ። አልረፈደም ነበር።

ወደ ክፍሉ ስንመለስ ፖሊሱ “ተዘጋጂ፣ አክስትሽ ተልኮባታል” አለኝ። ልጅቷ ምን እንዳለኝ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ደስ አላት። የተበተነውን ፀጉሬን አይታ ቁጭ በይ አለችኝ። እንዲህ ሆነሽ አክስትሽ እንዳታይሽ ብላ ከኋላዬ ተንበርክካ ትጎነጉነኝ ጀመር። ጣቶቿ ቀዝቃዛ ነበሩ።

እናትየዋ ቢሮው ውስጥ ምን እንደተባለ ጠየቁኝ። በአማርኛ ነው የጠየቁኝ፣ ልጅቷ እንዳትሰማ። ነገርኳቸው።

“አዴርን ምን አልሽው?”

“አጎት።”

“አጎት ብቻ?”

ከወለሉ ስንጥቅ አንድ የማሽላ ፍሬ በጥፍሬ መፈልቀቅ ጀመርኩ።

“እኔ ገበያ የመጣውን ሶማሌ ሁሉ አዴር እላለሁ። ሁሉም የአባቴ ወንድም ነው?” ድምፃቸውን አላነሱም። “ተነሺ፣ በሩን ምቺ። ንገሪው።”

“እሺ፣ ስወጣ እነግረዋለሁ” አልኩ። ልጅቷ “አትነቃነቂ” ብላ ራሴን ቀና አደረገችው።

እናትየዋ ጫማቸውን አውልቀው ተነሱና በሩን በጫማው መቱ። ፖሊሱ ሲከፍት አስነጠሰው።

“አዴር ማለት ጋሼ ማለት ነው! ለአለቃህ ንገረው፣ ወላሂ ጋሼ ማለት ነው!”

“ይቀመጡ እማማ፤ አለቃዬ ከእርስዎ ቋንቋ አይማርም” አለና እኔን ጠራኝ።

ልጅቷ የመጨረሻውን ጉንጉን ጫፍ ከራሷ ቀሚስ በቀደደችው ክር አሰረችልኝ። ግቢውን ሳቋርጥ የቢሮው በር ክፍት ነበር። የመቶ አለቃው ብቻውን ተቀምጧል። ደጃፉ ላይ ቆምኩ። ቀና ብሎ “ምን ፈለግሽ?” አለኝ።

“እግዜር ይስጥልኝ ልል ነው” አልኩ።

ከግቢው በር ውጭ የምትጠብቀኝ አክስቴ ጋ እስክደርስ ድረስ ከኋላዬ ጫማው በሩን ይመታ ነበር።

በሦስተኛው ቀን አክስቴ ዳቦ ይዛ ስትሄድ ልጅቷን ከአጎቷ ጋር በካሚዮን ወሰዷት አሏት። “ከአጎቷ ጋር” ነው ያሏት። እናትየዋ እንደተፈቱ ሰማሁ። እንዳላገኛቸው ብዬ ለብዙ ዓመታት ጊደር መጋላ ሳልገበያይ ኖርኩ። ደፍሬ በሄድኩ ጊዜ በቦታቸው ሌላ ሴት ተቀምጣ ነበር።

አግብቼ ወለድኩ። ልጆቼ ባለሱቁን ጋሼ ሲሉ እየሰማሁ “ስሙን ጥሩት” እያልኩ አስቸገርኳቸው። ትልቋ “እማ፣ ጋሼ እኮ አክብሮት ነው” ትለኝ ነበር። አውቃለሁ። ያን ቀንም አውቅ ነበር።

የልጅቷን ስም እዚህ አልጽፍም፤ አንድ ጊዜ በማይሆን ወረቀት ላይ አስጽፌዋለሁ። በቀኝ ቅንድቧ መሐል ጠባሳ አላት። ድሬዳዋ የእናቷ እህት ነበረቻት። ዛሬ እንደኔው አርጅታ ይሆናል። በሕይወት እንዳለች ወይም እንደሌለች የሚያውቅ ሰው ካለ፣ እባካችሁ ንገሩኝ።