ብርድ የሚወደው የደም ውሃ

ለባሌ ለሣህሌ ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ «እንዴት ያለ ጠንቃቃ ሰው ነበር!» ሲል አንገቴን ደፍቼ ሰማሁ። እውነት ነው፣ ጠንቃቃ ነበር። በሥራው ከባድ ጥፋት ያጠፋው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም ያስጠፋሁት እኔ አባይነሽ ነኝ። የበቆጂውን ነገር ያልሰማ ሣህሌን አውቀዋለሁ አይበል።

ሣህሌ ጮሌ ከሚባለው አገር የመጣ የገበሬ ልጅ ነው። አሰላ የመጣው በከብት ሕክምና ጣቢያ ዘበኛ ሊሆን ነበር። ፈረንጁ ዶክተር ማንበብ መቻሉንና የእጁን ንጽሕና አይቶ ረዳት አደረገው። ረዳትነቱም ጊኒ ፒግ የሚሏቸውን ጭራ የለሽ አይጥ መሳዮች ማርባት ነበር። ሰፈርተኛው «የአይጥ ባላባት» እያለ ሲያሾፍበት እሱ ሳቅ ብሎ ያልፋል። እኔ ግን ሳቅ ብዬ አላልፍም። «ለእኔ ያላመጣኸውን ጎመን ለእነሱ ትሸከማለህ» እያልሁ እነዘንዘው ነበር።

አንድ ቀን «ለመሆኑ ምን ይረባሉ?» ብዬ ያዝሁት።

«ደማቸው ነዋ» አለኝ። «አየሽ፣ ደም የሚያውቀው በሽታ ሲመጣበት ምልክት ይለጥፍበታል። ምልክቱ ብቻውን ግን አይገድልም። ደም ውስጥ ሌላ አጋዥ አለ። ምልክቱን አይቶ ይሰበሰብበትና ቀዳዶ ያፈነዳዋል። ያ አጋዥ በእኔም በአንቺም ደም ውስጥ አለ። በእነዚህ በምትሰድቢያቸው ደም ውስጥ ግን ይበረታል።»

በዚህ አጋዥ ነበር ላሞች ሳንባ የሚሉት በሽታ ይዟቸው እንደሆነ የሚያውቁት። እንዴት እንደሆነ አልገባኝ ሲል በደቦ አስረዳኝ።

«ደቦ ጠርተሽ አሥር ሰው መጣ እንበል። አሥሩም የመጀመሪያው ማሳ ላይ ከዋሉ ለሁለተኛው ማሳ ማን ይተርፋል? አንድ ቱቦ ውስጥ የላሟን የደም ውሃና የበሽታውን ዘር እናደርጋለን፤ የመጀመሪያው ማሳ ይኸ ነው። ለክተን አጋዥ እንጨምርበታለን። ላሟን በሽታው ነክቷት ከሆነ ምልክቱ አለ፣ አጋዡም እዚያው ሠርቶ ያልቃል። ቀጥለን ምልክት ያደረግንበትን የበግ ደም እንጨምራለን፤ ሁለተኛው ማሳ እሱ ነው። አጋዥ ከተረፈ የበጉን ደም ያፈነዳውና ቱቦው እንደ ሻይ ኩልል ይላል፤ ላሟ ጤነኛ ናት። ካልተረፈ የበጉ ደም ሳይነካ ከሥር ይረጋል፤ ያን ጊዜ ላሟ ታማለች።»

«የላሟስ የራሷ አጋዥ?»

«አስቀድመን በሙቅ ውሃ እንገድለዋለን። ሙቀት አይችልም። የሚወደው ብርድ ነው።»

ብርድ የሚወድ ነገር! ከት ብዬ ሳቅሁበት። ምነው ያን ጊዜ ጆሮ በኖረኝ።

በሃምሳ አራት ዓመተ ምሕረት፣ ኅዳር ላይ፣ በበቆጂ ዙሪያ ከብት በሳል ማለቅ ጀመረ። ዶክተሩ ቀድሞ ሄዶ በአንዲት ቆርቆሮ ቤት ዕቃውን ዘረጋ። ሣህሌ አጋዡን በብልቃጥ ይዞ እንዲከተለው ታዘዘ። እኔም ወጥ ሠሪና አስተርጓሚ ሆኜ ተላክሁ። ያደግሁት አሰላ ገበያ ከኦሮሞ ልጆች ጋር ስለሆነ በሁለቱም ቋንቋ ምላሴ ስለት ነው። የሣህሌ ኦሮምኛ ግን ሰላምታ ላይ ያልቃል።

ከዚያ በፊት በሄደበት ጊዜ አንድ ብልቃጥ ደጅ አድሮ የበቆጂ ውርጭ ሰንጥቆት ነበር። ዶክተሩ ጮኸበት፣ ሣህሌም ሦስት ቀን እህል በአፉ አልዞረም። እኔ ደግሞ ባሌን ሌላ ሰው ሲሰድበው አልወድም፤ እሱ የእኔ ድርሻ ነው። ስለዚህ ከበግ ቆዳ ኪስ ቆርጬ በካፖርቱ ውስጥ በብብቱ በኩል ሰፋሁለት።

«ብልቃጡ የሚሄደው በረዶ ባለበት ፔርሙስ ውስጥ ነው» አለኝ።

«ይሁና፤ ኪሱ ለክፉ ቀን ይቀመጥ» አልሁት።

ክፉው ቀን ሳጉሬ አጠገብ መጣ። ላንድሮቨሯ ጉድጓድ ገብታ ስትነጥር ፔርሙሱ ተሰበረ፣ እሷም በዚያው ቆመች። ብልቃጡ ግን ተረፈ። በቅሎ ተከራየን። ሣህሌ ብልቃጡን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ኮርቻው ላይ ሊያንጠለጥለው ሲል ጮኽሁበት።

«ሰውዬ፣ አብደሃል? ውርጩ ዳግመኛ ይሰንጥቅልህ?»

«ብርድ ይወዳል ብዬሽ አልነበረም?»

«ብርድ የሚወድ ፍጥረት የት አለ? ሕፃን እንኳ በብብት ነው የሚያድገው። ክተተው ነው የምልህ!»

ጭቅጭቅ አይወድም፣ ከተተው። አንድ ቀን ተኩል በብብቱ ይዞት ተጓዘ። ሲተኛም ካፖርቱን አላወለቀም። እኔም «እንዲህ ነው እንጂ!» ብዬ አመሰገንሁት።

በቆጂ እንደ ደረስን መጀመሪያ የተመረመሩት የአዴ ሀሊሜ ከብቶች ነበሩ። አዴ ሀሊሜ፣ አዴ በኦሮምኛ እናት እንደ ማለት ነው፣ የሟች ልጃቸውን ልጅ የሚያሳድጉ መበለት ናቸው። ያላቸው አሥራ አንድ ከብት ብቻ ነው። የጎረቤታቸው መንጋ በሳል ስላለቀ የእሳቸውም ተጠረጠረ። ትዕዛዙ አጭር ነበር፤ የታመመ ይገደላል፣ ይቀበራል።

ዶክተሩ በሌላ ጊዜ ምስክር የሚለውን ቱቦ ከዳር ያቆም ነበር። የከብት ደም አይገባበትም፤ አጋዡና የበጉ ደም ብቻ ናቸው። እሱ ኩልል ካላለ አጋዡ ሞቷል ማለት ነው። ያን ቀን ግን በሚሰባበር አማርኛው «የበግ ደም ትንሽ፣ ለሌላ ከብት ይትረፍ። አጋዥ አሰላ ለክቻለሁ» ብሎ ምስክሩን ተወው። እኩለ ቀን ላይ ቱቦዎቹን አነሳ። አሥራ አንዱም ከሥራቸው ቀይ ነጥብ ይዘው ረግተዋል።

«ሁሉም» አለ። «ፖሊስ ነገ ጠዋት ይመጣል።»

ይህን ቃል ወደ ኦሮምኛ የመለስሁት እኔ ነኝ። አዴ ሀሊሜ አላለቀሱም። ደጅ ተኝተው የሚያመሰኩትን ከብቶቻቸውን ብቻ አዩ።

ሣህሌ ማድ ቤት ተከትሎኝ ገብቶ በሩን ዘጋው። ፊቱ አመድ መስሏል።

«አባይነሽ፣ አሥራ አንዱም? አንዷ እንኳ አታስል! ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው፤ እኔ ጠርጥሬያለሁ። የሞተው አጋዡ ቢሆንስ? አጋዥ ከሌለ የበጉን ደም የሚያፈነዳው የለም። የጤነኛዋም ቱቦ የበሽተኛ ይመስላል።» እጁን ወደ ብብቱ ከተተ። «ኪሱ» አለ።

 ከዚያ ምን ያልሁት ይመስላችኋል? «ዝም በል» አልሁት። አዎ፣ እኔው ነኝ። «ያባርርሃል። ጮሌ ተመልሰህ ልታርስ ነው? ደግሞ ማን ያውቃል፣ ከብቶቹ እውነትም ታመው ይሆናል።» እስከ ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ።

ሣህሌ አተኩሮ አየኝ። «እነግረዋለሁ። ያንቺን ስም ግን አላነሳም» አለ። ያን ጊዜ ከመናደዴ የተነሳ ልመታው ምንም አልቀረኝ።

በሩ ተንኳኳ። አዴ ሀሊሜ ናቸው። አልተቀመጡም፣ ሣህሌንም አላዩትም።

«ልጄ፣ የፈረንጁን ቃል ነግረሽኛል። አሁን ያንቺን ንገሪኝ። ዱጋ?» አሉኝ። እውነት ነው ወይ ማለታቸው ነው።

አዎ ልል አፌን ከፈትሁ። ግን ሁሉንም ዘረገፍሁት፤ ኪሱን፣ ብብቱን፣ የሣህሌን ደቦ፣ አንድም አላስቀረሁ። 

«እንግዲያ ሠራተኛው መንገድ ላይ ሞቶ፣ ማሳው ሳይታጨድ ቢቀር፣ ከብትሽ ታሟል ትሉኛላችሁ?» አሉ። ስንት ዓመት የተማረው ባሌ እንኳ እንዲህ አሳጥሮ አልተናገረውም። ከዚያ ክንዴን አፈፍ አድርገው ወደ ዶክተሩ ጎተቱኝ።

«ዶክተር፣ ይስሙኝ» አልሁ። ሣህሌ ከኋላዬ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ሲል ዞሬ «አንተ ዝም በል! ኪሱን የሰፋሁት እኔ፣ ክተት ያልሁህ እኔ!» አልሁት።

ዶክተሩ ፊቱ ቀላ። ጠረጴዛውን ሲመታው ቱቦዎቹ ተንቀጫቀጩ። አዲስ አጋዥ ከአሰላ እስኪመጣ ሦስት አራት ቀን ይፈጃል። እስከዚያ በሽታው ወደ ሌላ መንጋ ቢዛመት ተጠያቂው እሱ ነው። «በወሬ ብቻ ፖሊስ አልመልስም። ማስረጃ!» አለ።

«የሰውም ደም አጋዥ አለው ብለውኛል» አለ ሣህሌ ቀስ ብሎ። «ከእኔ ይቅዱና ከብልቃጡ ጋር ያስተያዩት።»

እጅጌዬን ሰበሰብሁ። «ከእኔ ነው የሚቀዳው። ገዳይዋ እኔ አይደለሁም?»

ደሜ ተቀድቶ እስኪረጋና ውሃው እስኪለይ ጠበቅን። ሁለት ቱቦ ቆመ። በአንደኛው የብልቃጡ አጋዥ ገባ፣ በሌላው ከእኔ ደም የወጣው ውሃ። በሁለቱም ምልክት ያለበት የበግ ደም ተጨመረና ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ተነከሩ።

«ሙቀት ይገድለዋል ትልና መልሰህ ሙቅ ውሃ ትነክረዋለህ?» አልሁት ሣህሌን፤ ስፈራ ቁጣ ይቀድመኛል።

«ለመሥራት ሙቀት ይፈልጋል፣ ለመቆየት ብርድ» አለኝ። «ሰውነት ውስጥ ያለቀው በአዲስ ይተካል። ብልቃጥ ውስጥ ማን ይተካዋል?»

ግማሽ ሰዓት።  ሁለቱም ደፍርሰው ቢቀሩ የአዴ ሀሊሜ ከብቶች ነገ ጉድጓድ ይገባሉ። እኔ በሆዴ ማርያምን እጠራለሁ፣ እሳቸው መቁጠሪያቸውን ይገፋሉ። የውሃው ገበታ ላይ አራት ራስ ተደፍቷል።

መጀመሪያ ያዩት አዴ ሀሊሜ ናቸው። በጣታቸው ጠቆሙ። የእኔ ቱቦ ከላይ መጥራት ጀምሯል። ቀስ በቀስ፣ ቀስ በቀስ፣ ማዶው እስኪታይ ኩልል አለ። የብልቃጡ ግን እንደ ደፈረሰ ቀረ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኔ እውነት ሲጠራ በዓይኔ አይቻለሁ። እሰይ ብዬ ጮኽሁ፣ ወዲያው አለቀስሁ።

ዶክተሩ ቱቦውን ወደ መስኮቱ አንስቶ አየው። «ምስክር መተው የእኔ ጥፋት» አለ በዚያ በሚሰባበር አማርኛው። ፖሊሶቹ እንዲቆዩ መልእክት ላከ። አዴ ሀሊሜም ከብቶቻቸውን ከማንም መንጋ ሳያገናኙ በግቢያቸው እንዲይዙ ቃል ገቡ።

ሣህሌ አሰላ ደርሶ ሲመለስ ብልቃጥ አልያዘም። ሁለት ጊኒ ፒግ በቅርጫት ከነሕይወታቸው ይዞ መጣ። አዴ ሀሊሜ ቅርጫቱን ገለጥ አድርገው አዩና «ዳኞቹ እነዚህ ናቸው?» ብለው ሳቁ። ሲስቁ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሣህሌ ከሥራው አልተባረረም። ሁለት ወር ጉረኖ ብቻ ሲጠርግ ከርሞ ወደ ቱቦዎቹ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ ሃያ ዓመት ሲሠራ ምስክር ሳያቆም አንድ ቱቦ አላነበበም። ኪሱን ልተረትረው ብል እንቢ አለኝ፤ እርሳስ ይይዝበት ነበር።

አዴ ሀሊሜን ግን አልጨረስሁም። በአራተኛው ቀን የከብቶቹ ደም በአዲሱ አጋዥ ዳግመኛ ተመረመረ፣ ምስክሩም ከዳር ቆመ። ምስክሩ ኩልል አለ። አሥሩም ቱቦዎች ኩልል አሉ። አንዱ ግን ከሥሩ ቀይ ነጥብ ይዞ ረጋ። ዶክተሩ ደገመው፣ ያው ሆነ። የዳለቻ ነው። ዳለቻ ከሁሉ የምትወፍረው፣ የልጅ ልጃቸው ወተቷን እየጠጣ የሚያድግባት ላም ናት።

ዶክተሩ ንገሪያቸው ብሎ አየኝ። አልቻልሁም። አዴ ሀሊሜ ግን ቱቦዎቹን ማንበብ ለምደው ነበር። አንድ በአንድ አዩአቸው፣ የረጋው ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ከዚያ ወጡ። ሄዱ፣ ይረግሙናል፣ ይደብቋታል ብዬ ቆሜ ቀረሁ።

ሲመለሱ ዳለቻን በገመድ እየሳቡ ነበር። ፊት ለፊቴ ቆሙ።

«ያን ቀን ዱጋ ብዬ ስጠይቅሽ ዋሽተሽኝ ቢሆን፣ ዛሬ ይህን ቱቦ አላምንም ነበር» አሉኝ። «አሁን አምናለሁ። በፖሊስ እጅ አትሂድብኝ። አንቺ ውሰጃት።»

ገመዱን በእጄ አስጨበጡኝ። ጉድጓዱ ድረስ የወሰድኋት እኔ ነኝ፤ አንድ ጊዜ እንኳ ሳታስል ተከተለችኝ።