የአረፋ ሥጋና የእህቴ ፍሪጅ

እህቴ ከኩዌት በተመለሰች ዓመት፣ ላዩ ፍሪዘር የሆነ ፍሪጅ ከደሴ ገዝታ መካነ ሰላም ድረስ አስጭና መጣች። ሳሎናችን ጠባብ ስለነበር ጓሮ ካለው ዕቃ ቤት አስቀመጥነውና የአረፋን ሥጋ ፍሪዘሩ ውስጥ ሞላን። በሦስተኛው ቀን እናቴ ሥጋውን ነካ አድርጋ «ይኼ ነገር ለስልሷል» አለች።

መብራት አልጠፋም። የበሩ ጎማ ወረቀት ብናስይዘው አጥብቆ ይይዛል። ከግድግዳው አራቅነው፤ ጀርባውን ጠረግን። እህቴ የቅዝቃዜ ማስተካከያውን እስከ መጨረሻው አዞረችው። ሞተሩ ግን ጥቂት ያጉረመርምና ዝም ይላል።

መላው ቢጠፋን ደሴ ላለ ፍሪጅ ጠጋኝ ደወልኩ።

«ያስቀመጣችሁበት ቤት ይበርዳል?» አለኝ።

«በኅዳር? ውርጭ ነው እንጂ!»

«በቃ፣ እሱ ነው። ፍሪጁ ቅዝቃዜውን የሚለካው ከታችኛው ክፍል ነው። ታችኛው በቤቱ ብርድ ስለቀዘቀዘ ሞተሩ ‹በቃ› ብሎ ቶሎ ይቆማል፤ ላይኛው ግን ሞተሩ ካልሠራ ይቀልጣል። ሞቅ ያለ ክፍል አስገቡት።»

ለእናቴ ስነግራት «ያ አላህ! ሥጋው እንዲበርድ ፍሪጁ ይሙቀው?» አለች። የለሰለሰውን ሥጋ የዚያኑ ቀን ቀቅለን ከጎረቤት ጋር በላነው፤ ፍሪጁንም የእናቴን አልጋ ገፋ አድርገን እሷ ክፍል አስገባነው። በማግስቱ ፍሪዘሩ ውስጥ ለሙከራ ያስቀመጥነውን ውኃ ድንጋይ ሆኖ አገኘነው። እህቴ ከደስታዋ ብዛት እናቴን አቀፈቻት። እኔ ግን ነገሩን ለሰው ላስረዳ ስሞክር፣ እስከ ዛሬ መሐል ላይ ይምታታብኛል።