ለአንድ ሽማግሌ የሚሆን አሞርዛተር

ከሰቆጣ የወጣሁት ጨዋቸውን ሸጠው ወደ ኮረም ከሚመለሱ ነጋዴዎች ጋር ነው። በብርድ መሄድ ይሻላል ብለው ጀምበር ስታዘቀዝቅ ተነሱ። እናቴ በሶና አንድ ቅል ማር አስይዛኝ እስከ ወንዙ ሸኘችኝ። አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ ዜማ ያስተምራሉ። ልሰናበታቸው ስጠጋ ተማሪዎቻቸውን አስቁመው፣ የምሄድበት የአስመራ አገር ቤተ ክርስቲያን እንዳለው ጠየቁኝ። አለው ይላሉ አልኳቸው። "እንግዲያው እግዚአብሔር ይከተልህ" ብለው ወደ ዜማቸው ተመለሱ። አልተቆጡም። በዚያ ዓመት እህሉ ከነአገዳው ደርቆ ነበርና ከቤታችን አንድ ሰው መጉደሉ ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ከኮረም በጭነት መኪና ላይ፣ ከበርበሬ ጆንያ ጋር አዲግራት ደረስኩ። ያን ጊዜ አስመራን የያዙት እንግሊዞች ነበሩ፤ ሰንዓፈ ላይ ጠባቂ አቁመዋል። ጠባቂው "ካበይ መጺእካ?" አለኝ፤ ከየት መጣህ ማለቱ ነው። ከዋግ አልኩት። ዋግ የማን አገር እንደሆነ በአማርኛ ጠየቀኝ። የእኛ አልኩት።

"ትግርኛ ታውቃለህ?"

"አላውቅም።"

"ጣሊያንኛስ?"

"አላውቅም።"

"ታዲያ በምን ልትናገር ነው?"

"አማርኛና አገውኛ አውቃለሁ። ደግሞም የመጣሁት ልሠራ ነው እንጂ ልናገር አይደለም።"

ለጓደኛው በትግርኛ ነገረውና ተሳሳቁ። ከዚያ እየሳቀ በእጁ እለፍ አለኝ። እንዲህ ተስቆብኝ ነው አስመራ የገባሁት።

እናንተ ገና ለመምጣት የምታስቡ፣ ስለ ብርዱ ብቻ አትጨነቁ። ጉሙ ልብስ ውስጥ ገብቶ ያድራል፤ የእኛን ፀሐይ የለመደ ሰው ጠዋት ጠዋት አጥንቱ ይፈልጋታል። እሱ ግን ይለመዳል። እኔን ያስቸገረኝ የሰዉ አረማመድ ነበር። ማታ ማታ ሰው ሁሉ ለባብሶ ትልቁን መንገድ ሽቅብና ቁልቁል ይመላለሳል፤ ፓሰጃታ ይሉታል። የት ትሄዳለህ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ የትም አይሄዱምና። እኛ ዘንድ ከደጅ እስከ ምንጭ ስትወርዱ እንኳ ስንት ሰው "ወዴት ነው?" ይላችኋል። ያ ጥያቄ እንደሚናፍቀኝ ማን ያውቅ ነበር?

ጋራዥ ውስጥ መኪና አጠብኩ፣ ቆይቼ መንዳት ተማርኩ። እንግሊዞች ሲወጡ ጥለዋቸው ከሄዱት ጂፖች አንዱን፣ ብዙ እጅ ከዞረ በኋላ፣ በብዙ ልመና የራሴ አደረግሁት። የቆርቆሮ ጣራ አሠራሁለትና ከገጠር ለሆቴሎች ዶሮ ማመላለስ ጀመርኩ። አገር ቤት ለመመለስ በየዓመቱ አስብና በየዓመቱ አንድ ነገር ይይዘኛል። ጂፑም አረጀ፣ የእኔም ጠጉር ሸሸ፣ ሰቆጣን ግን ተመልሼ አላየሁም።

በዚህ መሃል የአባቴን ዓይን ሞራ ሸፈነው። አንድ የሰቆጣ ነጋዴ እጃቸውን ይዞ አስመራ አመጣልኝ። አከራዬ ወይዘሮ ለተብርሃን ደግ ሴት ነበሩ፤ ነገር ግን አባቴ ገና ሳይነጋ ተነስተው ዜማቸውን ሲጀምሩ ሦስት ጠዋት ታገሡና ጠሩኝ። "አባትህ አንድ ሰው ናቸው ብለህ ነው ያስገባሃቸው፤ እኔ ግን የምሰማው ሙሉ ማኅበር ነው" አሉኝ። ለአባቴ ስነግራቸው ዝቅ አድርገው ማዜም ጀመሩ። በሳምንቱ ወይዘሮ ለተብርሃን መልሰው ጠሩኝና፣ ዝቅ ያለው ደግሞ ጆሮ አስቀስሮ እንቅልፍ ይከለክላል፣ እንደ ድሮው ያድርጉት አሉ።

ጣሊያኑ ሐኪም ቀኝ ዓይናቸውን ቀደደላቸው። ፋሻውን እሱ ራሱ በጨለመ ክፍል ብቻ እየፈታ ያይና መልሶ ያስራል። አንድ ወፍራም መነጽር ሰጠኝ፤ ዓይኑ ሲፈታ የሚያደርጉት ነው። ከዚያ ጣቱን ቀስሮ አስጠነቀቀኝ፦ እንዳያጎነብሱ፣ እንዳያስሉ፣ ከሁሉም በላይ እንዳይንገጫገጩ፤ ስፌቱ ከተፈታ ዓይኑ ይጠፋል። እዚሁ ቢቆዩ ይሻላል አለ። ሰኔ ግን ደርሶ ነበር። ዝናቡ ከጀመረ ከኮረም ሰቆጣ ያለው መንገድ ይዘጋል፤ እስከ መስከረም መኪና አያልፍበትም። አባቴ ደግሞ ተማሪዎቼ ይበተናሉ፣ ፍልሰታን ከደብሬ ውጪ ጾሜ አላውቅም አሉ። ለመንኳቸው፣ እምቢ አሉ። የጭነት መኪና ላይ ብቻቸውን ሊወጡ እንደሆነ ሳይ፣ እኔ አደርስዎታለሁ አልኳቸው።

የጂፑን ጥግ ተጭኜ ለቀቅሁት። መኪናው ቁጭ ብድግ ማለቱን አልተወም። ንገጫገጩን የሚያበርዱት አራቱም አሞርዛተሮች ዘይታቸውን ጨርሰው ባዶ ቱቦ ሆነዋል። ለዶሮ ምንም አልነበረም፤ ዶሮ ስፌት የላትም።

መለዋወጫ ወደሚሸጠው ሽማግሌ ጣሊያን ሄድኩ። ሲኞር ይባላል፤ ስሙን የሚጠራው ሰው አላየሁም። ስንት ኩንታል እንደምጭን ጠየቀኝ።

"አንድ ሽማግሌ።"

"የሽማግሌ አሞርዛተር የለኝም" አለኝ። "የጭነት አለኝ።"

ጠንካራ ይሻላል ብሎ አዲስ አራት ሰጠኝ። ጋራዥ አብሮኝ የሠራው ተወልደም ጠንካራውን ደገፈ፤ የኮረም መንገድ ለስላሳውን በአንድ ቀን ይጨርሰዋል አለ። ገጠምናቸው። እኔ ከኋላ ተጋደምኩና ተወልደ ከከተማ ውጪ ባለው ድንጋያማ መንገድ ነዳው። ጥርሴ ከጥርሴ ተጋጨ፤ እያንዳንዷ ጠጠር እስከ ቅንድቤ ትሰማኛለች። ለሙሉ ጭነት የተሠራ አሞርዛተር ባዶ መኪና ላይ ሲገባ እንደ ብረት ዱላ ነው። አባቴን እዚያ ላይ ማስቀመጥ አይታሰብም።

መልሼ ወሰድኩለት። ሲኞር አሞርዛተሮቹን አገላብጦ አየና "ለብሰሃቸዋል" አለኝ። ጫማ አይደሉም አልኩት። "ጫማ ቢሆን እቀበልህ ነበር፤ እግር ያድጋል።" ለማን እንደምገዛ ዘርዝሬ ነገርኩት፤ ዓይን፣ ስፌት፣ ዝናብ። ከዚያ የራሱ እናትም እዚያ አገሯ ታውራ እንደሞተች ነገረኝና ከመደርደሪያው ለትንሽ መኪና የሚሆን ለስላሳ አወረደ። እሱም ለጂፑ አጠረ፤ ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ተስቦ ይበጠሳል። የቀድሞዎቹን ተቀብሎኝ፣ የሚበጀኝ የጂፑ የራሱ ዓይነት እንደሆነ፣ እሱ ግን እንደሌለው ነገረኝ።

ወደ መደበር ሄድኩ፤ አሮጌ ብረት የሚታደስበት ገበያ ነው። ከጂፕ የተፈቱ አሞርዛተሮች በክምር ነበሩ። ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ ሳብኳቸው፣ ገፋኋቸው። ዘይት ያላበውን ጣልኩ። መሃል ላይ ባዶ የሚሆነውን ጣልኩ። ዘንጉ የተጫረውን ጣልኩ። ስስበውም ስገፋውም እኩል እየተቃወመኝ፣ ሳይቸኩል የሚሄደውን ብቻ ለየሁ። ከዚያ ሁሉ ክምር የሚመሳሰሉ አራት አገኘሁ። ጎሚኒያቸውን፣ ማለት ጫፋቸው ላይ ያለውን ላስቲክ፣ በአዲስ ቀየርኩ። ተወልደ አሮጌ ይከዳሃል ብሎ ተከራከረኝ። ሊከዳኝ ይችላል፣ ጠንካራው ግን ከመጀመሪያው ቀን ይጎዳቸዋል አልኩት። ባዶ መኪና እንዳይዘልም ከኋላ ዱቄትና ስኳር ጫንኩ፤ አገር ቤት ባዶ እጄን ከመግባትም አዳነኝ። አባቴን ከፊት፣ ከጎኔ አስቀመጥኳቸው፤ ኋላው የበለጠ ያነሳልና። እንደገና ስንሞክረው እኔ በአባቴ ቦታ ተቀምጬ ተወልደ ነዳ። መኪናው ጉድጓድ ገብቶ ወጣ፣ አንዴ ተነሳ፣ ተቀመጠ፣ አበቃ። ተወልደ ሄዶ ትራስ አመጣልኝ።

አስፋልቱን እስከ ኮረም ቀስ ብለን ጨረስነው። ከኮረም ወዲያ ያለውን እናንተው ታውቁታላችሁ። አንገታቸውን በጋቢ ጠምጥሜ ትራሱን ከኋላ ደግፌላቸው፣ ከበቅሎ እኩል ነዳሁ። በስተምዕራብ ደመናው ጠቁሯል፤ ብቸኩል ዓይናቸው፣ ብዘገይ መንገዱ። አንድ ደረቅ ወንዝ ስንሻገር የፊት ጎማው ተደብቆ ከነበረ ጉድጓድ ገባና ከሥር ጓ አለ። አቆምኩ። አባቴ እጃቸውን ፋሻው ላይ አድርገዋል። ወደ እሳቸው ዞርኩ።

"ምን ሆንክ?" አሉኝ እሳቸው።

"ዓይንዎን አመመዎት?"

"ኧረ ምንም። በበቅሎ ቢሆን እዚህ ጋ ወርጄ በእግሬ ነበር የምሻገር።"

ከመኪናው ሥር ገባሁ። የአንዱ አሞርዛተር ቡሎን ብቻ ላልቷል። አጠበቅሁትና እዚያው አሸዋው ላይ ትንሽ ተንጋልዬ ቆየሁ።

ሰቆጣ በገባን በማግስቱ የክሊኒኩ ድሬሰር ቤታችን መጣ። መስኮቱን በነጠላ ጋርዶ ፋሻውን ፈታ፣ ዓይኑን አጠበ፣ መነጽሩን አደረገላቸው። ስፌቱ ደህና ነው አለ። እናቴ ፊታቸው ተቀምጣለች። አባቴ ብዙ አዩዋት።

"መቼ ነው እንዲህ የሸበትሽው?"

"እርስዎ በማያዩበት ጊዜ" አለች፤ ሳቋና ዕንባዋ አንድ ላይ መጣ።

እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። አስመራ ሲመጡ ማየት አቁመው ነበርና ከወጣሁ ወዲህ አላዩኝም። መነጽሩን ወደ እኔ አዞሩ። ትንሽ ከመቀመጫቸው ብድግ እንደ ማለት ብለው፣ ለእንግዳ እንደሚሉት "ይግቡ እንጂ፣ ምነው ቆሙ?" አሉኝ።

"እኔ ነኝ፣ አባቴ።"

ድምፄን አወቁት። እጃቸውን ዘርግተው ጠሩኝና ፊቴን ዳሰሱት፤ የሚያይ ዓይን እያላቸው በእጃቸው ፈለጉኝ።

ዝናቡ ሳይቀድመኝ ወጣሁ። ኮረም ስደርስ ከኋላዬ ዘነበ።

ክረምቱ እንደወጣ በስልክ ቤት ቀጠሮ አስይዤ ሰቆጣ አስጠራኋቸው። ድምፃቸው ከሩቅ ጉድጓድ እንደሚወጣ ነው። ድጓውን ራሳቸው እያነበቡ እንደሚያስተምሩ፣ ተማሪ እንደጨመረ ነገሩኝ። እኔም ደስ አለኝ፣ ደግሜ ደጋግሜ ተመስገን አልኩ።

"ድምፅህን ስሰማ የሚመጣብኝ የዚያ የልጅነትህ ፊት ነው" አሉ። "ያ ጠጉሩ የሸሸው ሰውዬ አይመጣልኝም። ሁለት ቀን ብቻ ነው ያየሁት።"

በበጋው እመጣለሁ አልኳቸው። የመቼው በጋ እንደሆነ አልጠየቁኝም። ስልኩን ለእናቴ ሰጧት፤ እሷም በዚያ ነገር መናገር አታውቅምና ጆሮዋ ላይ አድርጋ ስትተነፍስ ብቻ እሰማት ነበር፤ እኔም እስኪቆረጥ ድረስ ሰማኋት።