ሹሙና የሆራው ጭቃ

ባለፈው ሳምንት ሮቤ ቤቴ ተቀምጬ ዜና ስሰማ የልጅ ልጄ «አባባ፣ ራስ ገዝ ማለት ምንድን ነው?» አለችኝ። ለእሷ መልስ ስፈልግ እኔ በሐሳብ ዲንሾ ገባሁ።

እዚያ አጠገብ ካለች መንደር አንድ ሆራ አለ፤ ከብት የሚወደው ጨዋማ ምንጭ። ሆራ ያጣች ላም ትነጥፋለች፤ የመንደሩ ኑሮ ደግሞ ጎባ ገበያ የሚወርደው ቅቤ ነበር።

መንግሥት በተለወጠ ሰሞን መንደሩ ከጎባ አስተዳደር ወደ ሮቤ ተዛወረ። እኔ ጢሜ ገና ብቅ ብቅ ያለ ጸሐፊ ነበርኩ። አማርኛም ኦሮምኛም ስለምችል አዲሱ ሹም አስተርጓሚ አድርጎኝ በፈረስ ወጣን። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነው፤ ገብሱ አሽቷል፣ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ሹሙ ሆራውን አጥሮ ዘበኛ ሊያቆምበት፣ የማጠጫውንም ተራ ከቢሮ ሊያወጣ አስቧል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሹመቱ ትኩስ ስለሆነ ያየው ሁሉ ቢሮ ይመስለው ነበር።

የሆራው አባት፣ ማለትም ተራ አስከባሪው፣ ሐጂ ቃዲር የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። «ነጋ ጅርቱ?»፣ ሰላም ናችሁ ወይ ብለው ተቀበሉንና ፈረሶቻችንን ከተሰለፈው ከብት አስቀድመው አጠጡ። ሹሙ ለማዕረጉ የተደረገ መስሎት ደስ አለው። ወዲያው ሐጂ አካፋ አቀበሉት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የሆራ ሕግ ነው ልጄ። እንግዳ ይቀድማል። ከብቱ የጠጣለት ሰው ግን ጭቃውን ሳይጠርግ አይሄድም። ካንተ በፊት የነበረውም ሹም ጠርጓል።»

ቃል ሳልቀንስ ተረጎምኩለት። ከተቆጣ አጥሩ በማግስቱ ሊቆም ነው። ሹሙ አካፋውን አየ፣ ተራ የሚጠብቁትን ሴቶች አየ፤ ከዚያ ሱሪውን ሰብስቦ ገባ! ሴቶቹ እልል አሉ። የእኔም ፈረስ ጠጥቷልና ተከተልኩት።

ስንጨርስ ገንፎ በቅቤ ቀረበልን። የአጥሩ ወሬ ቀድሞ ደርሷቸው ኖሮ ሐጂ ያኔ ተናገሩ፦ «ግብር እንከፍላለን፣ ባንዲራውንም እንሰቅላለን። ተራውን ግን ለእኛ ተውልን።»

ሹሙ የጨቀየ እግሩን አይቶ ሳቀ። «ሕግ የሌለው ውሃ መስሎኝ ነበር የመጣሁት ሐጂ። ካለውማ ይቆይላችሁ።»

ያ ገንፎ እስካሁን አፌ ላይ አለ። ሐጂ ካረፉ ቆይተዋል፣ ሹሞችም ተፈራርቀዋል፤ አጥር የሠራ ግን የለም። ዘንድሮ ብቅ ብዬ ነበር። ከብቱ ሞልቷል፤ አካፋ የያዘ ሰው ግን በጣት ይቆጠራል። ከሹም የተረፈልንን ከስንፍናችን ማን ያስጥልልን ይሆን? እውነቴን ነው፣ ከፋኝ።

ቅዳሜ የጥያቄዋን መልስ በአካፋ እንድታገኘው የልጅ ልጄን ይዤ ወደ ሆራው እወጣለሁ። ጫማዋ ሊበላሽ ነው ብላ እናቷ ከአሁኑ ተቆጥታለች።